አፈር ስሆን

እማዬ፣ ዛሬም ደወልሽ። ዛሬም መጀመሪያ የጠየቅሽኝ «ምን በላሽ?» ብለሽ ነው። ሾርባ አልኩሽ። አልዋሸሁም፣ ሾርባ ነው። ግን ሾርባ ብቻ መሆኑን፣ ዛሬ 14ኛ ቀኔ መሆኑን፣ ነገ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሆስፒታል በር ላይ እንደምቆም፣ ጨጓራዬን ከአምስት እጅ አራቱን ቆርጠው እንደሚያወጡት አልነገርኩሽም። «ብዪ እሺ፣ አፈር ስሆን ብዪ» ብለሽ ዘጋሽው። ስልኩ እጄ ላይ እንደሞቀ ቀረ።

በየትኛው አፌ ልንገርሽ? አንቺ በ1977 ኮረም ሜዳ ላይ የተሰለፍሽ ልጅ ነሽ። ያኔ 17 ዓመትሽ ነበር። ስለዚያ ሜዳ በዕድሜዬ ሙሉ የነገርሽኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ብርዱን፣ እና ስንዴ የሚሰፈርበትን ጣሳ። ታናሽ ወንድምሽን ይዘሽው ሄደሽ ብቻሽን ተመለስሽ። እሱን የነገረችኝ አክስቴ ናት፤ አንቺ ሆድ ይፍጀው ብለሽ ትተሽዋል። ፈጀው? አላውቅም። ከመሶቡ ዳር የወደቀችውን ፍርፋሪ በሌባ ጣትሽ ተጭነሽ ስታነሺ ግን አይቻለሁ። ሳህን ላይ የተረፈ እህል ስታዪ ፊትሽ እንዴት እንደሚለወጥም አውቃለሁ።

እኔን ከዚያ በኋላ ወለድሽኝ፤ አጠገብሽኝም። ጉንጬ ሲሞላ ጎረቤት ጠርተሽ አሳየሽ። «ተመስገን፣ ሥጋ ያዘች» አልሽ። ዲቪ ደርሶኝ ስሄድ 57 ኪሎ ነበርኩ፤ አንቺ ግን አውሮፕላን ማረፊያው ላይ እንኳ በዳቦ ቆሎ የተሞላ ፌስታል አስያዝሽኝ። ዛሬ 118 ኪሎ ነኝ። አገር ቤት የላኩልሽን ፎቶ ለሰው እያሳየሽ «ተመችቷታል» እንደምትይ ነግረውኛል። እማዬ፣ አልተመቸኝም።

እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ሌሊት ሌሊት የሰው እናት አገላብጣለሁ። የነርሲንግ ሆም ሥራ ነው፤ ደብል ስገባ 16 ሰዓት በእግሬ ነኝ። ሲነጋ ወደ ቤት ስመለስ አይርበኝም፤ ግን እበላለሁ። ማንም በሌለበት ቤት፣ መጋረጃው ሳይገለጥ፣ ቆሜ። በር ከፍቶ «መጣሽ?» የሚለኝ ፍሪጁ ብቻ ነው። ኢንሹራንሱ ሳይኮሎጂስት ካላየሽ አልከፍልም ስላለ አንዲት ደግ ሴት ዘንድ ሄጄ ነበር። «በልጅነትሽ ምግብ ያጥራችሁ ነበር?» አለችኝ። በጭራሽ አልኳት። ለአንቺ አጥሮሽ እንደነበር አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳት።

ሰው ሁሉ «መርፌው አለ አይደል?» ይለኛል። ተወጋሁ። ዘጠኝ ኪሎ አወረደልኝ። ከዚያ ኢንሹራንሱ አልከፍልም አለ፤ ዘጠኙም ኪሎ እንግዳ አስከትሎ ተመለሰ። ስለ መርፌው ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ዶክተሩ በወረቀት ላይ ጨጓራዬን ሣለልኝ። እንደ ቅል ነበር። ከዚያ ከላይ እስከ ታች መስመር ጎተተበትና ሰፊውን ክፍል በእስክሪብቶ አጠቆረው። «ይህ ይወጣል» አለ። የሚቀረው ሙዝ ያክላል። ጠርዙን ወረቀት በምናያይዝበት ዓይነት ስቴፕል ይሰፉታል፤ ብረቱ ቲታኒየም ነው። አንዴ የወጣ ደግሞ ተመልሶ አይገባም። ቢበዛ ሁለት ሲኒ ውኃ ቢይዝ ነው፤ ቤት ገብቼ ሲኒውን አውጥቼ በውኃ ሞላሁት፣ ደገምኩት፣ ብርጭቆ ውስጥ ገለበጥኩት። ግማሽ አልሞላም። ብርጭቆውን ይዤ ወጥ ቤት ውስጥ ቆምኩ።

ያ አጥቁሮ የሣለው ክፍል ግሬሊን የሚባል ቅመም የሚመነጭበት ነው አለኝ፤ ሁሉም ባይሆን አብዛኛው። ወደ አንጎል ወጥቶ «ራበኝ» የሚለው እሱ ነው። ጃፓኖች ናቸው ያገኙት፣ በ1999 እ.ኤ.አ.። እማዬ፣ ረሃብ ለካ ስም አለው። አንቺን ኮረም ሜዳ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠራሽ ያደረው እሱ ነበር። መልስ አልነበረሽም። እኔ ደግሞ ሳይጠራኝ እየመለስኩለት ኖርኩ። ነገ ቆርጠው ያወጡልኛል። ባንቺ ጊዜ እንዲህ ያለ ቢላ ማን በያዘ!

ይህን ሳስብ ያሳፍረኛል። ረሃብን ለማስቆረጥ ቀጠሮ የሚያዝበት ዘመን ላይ ደረስኩ።

ዶክተሩ የሚያውቀው ጨጓራን ነው፤ እኔ የተሰጠኝ ግን ሆድ ነው። በእኛ ቋንቋ ሆድ የማይሠራው ሥራ የለም። ይብሳል፣ ይባባል፣ ይቆርጣል። ታጋሹን ሆደ ሰፊ ብለን እናመሰግናለን፤ እኔ ሳልፍ ደግሞ ሆዳም የሚል ሹክሹክታ እሰማለሁ። ያው ዕቃ ነው፣ በአንዱ ይመረቁበታል በሌላው ይሰደቡበታል። አንቺን የናፈቅኩበት፣ ያባቴን መርዶ በስልክ የሰማሁበት፣ እዚህ ማንም ያልጠየቀኝን ሁሉ ያስቀመጥኩበት እዚያው ነው። ከአምስት እጅ አራቱ ሲወጣ ይህ ሁሉ የት ይቀመጣል? ይህን የሚጠይቅ ፎርም አልሰጡኝም። የሰጡኝ ሌላ ነው፤ የስፌቱ መስመር ሊያፈስ ይችላል፣ ደም ሊረጋ ይችላል፣ ቃር ሊጀምረኝ ይችላል፣ ጸጉሬ በጥቂት ወራት ውስጥ ሊረግፍና መልሶ ሊበቅል ይችላል፣ ቫይታሚን ዕድሜ ልኬን እውጣለሁ። ኪሎው ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ሊመጣም ይችላል። ከሺህ ሰው አንድ ያህል ይሞታል አሉኝ። ሁሉንም ፈረምኩ። ከሺህ አንድ ብዙ አይደለም፤ ግን ያቺ አንዷም እናት አላት።

ስዊድኖች ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኦፕራሲዮን የሆኑትንና ያልሆኑትን ለረጅም ዓመታት ተከታትለው፣ ኦፕራሲዮን የሆኑት ሞታቸው አነስ ብሎ እንዳገኙት ሌሊት ሥራ ላይ አነበብኩ። ደስ አለኝ። ስኳሬ፣ ግፊቴ፣ ሌሊት ትንፋሼ እየቆመ ፊቴ ላይ አስሬው የምተኛው ማሽን፣ ሁሉም ሊቀልሉ ይችላሉ። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ኦፕራሲዮኑን ያስወሰነኝ ስዊድን አይደለም። ስቅለት ነው።

ዘንድሮ ስቅለት፣ ሚያዝያ 2፣ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። እዚህ ያለው ቤተ ክርስቲያን ምንጣፉ ቀይ ነው፤ ብዙ ጉልበት ያረፈበት ቦታ ሳስቷል። ቀኑን ሙሉ ሰው ይወርዳል ይነሣል፣ ይወርዳል ይነሣል፤ ነጠላው እንደ ማዕበል ነው። እኔ ግድግዳው ሥር ወንበር ላይ፣ 80 ዓመት ከሞላቸው እናቶች ጋር ተቀምጬ በአንገቴ ብቻ እሰግድ ነበር። አንዷ መቋሚያቸውን አስደግፈውኝ ወርደው ሰገዱ። እሳቸው ወረዱ፣ እኔ መቋሚያ ያዥ ሆንኩ።

ማታ ቄሱ ወይራውን ይዘው ቆሙ፤ ተሰለፍን። ከፊቴ የነበረችውን ልጅ ጀርባዋን ቸብ ቸብ አደረጓትና «41 ስገጂ» አሏት። የእኔ ተራ ደረሰ። ጀርባዬን አጎነበስኩ። ወይራው ሲያርፍብኝ ቀላል ነበር፣ እንደ ሻሽ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ፤ ዓይናቸው ራራ። «ልጄ፣ አንቺ ቆመሽ አቡነ ዘበሰማያት ድገሚ» አሉኝ።

እማዬ፣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ መሪው ላይ ግንባሬን አሳረፍኩ። ግንባሬ ደግሞ ጡሩምባውን ነካና ጮኸ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ዛሬ ሳስታውሰው ያስቀኛል፤ ያን ዕለት አላሳቀኝም።

የሚናፍቀኝ ያ ነው። ቀሚስ አይደለም፣ ወንድ አይደለም፣ የሰው ዓይን አይደለም፤ እሱም አይጠላም፣ ግን እሱ አይደለም። ሁለት ጉልበቴ፣ ሁለት መዳፌ፣ ግንባሬ ምንጣፉን ነክቶ፣ ያን የአቧራና የዕጣን ሽታ ስቤ፣ ማንም ሳያነሣኝ በራሴ መነሣት። ልጅ ሆኜ ደሴ አጠገብሽ ስሰግድ ቆጥሬ ሳልጨርስ ትቀድሚኝ ነበር። አጥንትና ቆዳ ነበርሽ፤ ላባ ነበርሽ።

አሁን በዓለ ሃምሳ ነው። ቤተ ክርስቲያን ብሉ የምትልበት፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት 50 ቀን። እኔ 55ቱን ቀን ጾሜ፣ ፋሲካን አንድ ሳምንት ገድፌ፣ ሰው ዶሮውን ሳይጨርስ የሾርባና የፕሮቲን ዱቄት ጾም ገባሁ። ጉበቴ እንዲያንስላቸው ነው፤ ካላነሰ ጨጓራዬን ይጋርድባቸዋል። ከዚህ በኋላም ሁለት ሳምንት ያህል ፈሳሽ፣ ከዚያ የተፈጨ፣ ከዚያ ለስላሳ። ምግብና ውኃ አብሮ አይወሰድም፣ ግማሽ ሰዓት ይለያያሉ። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ የሰጠችኝ ዝርዝር ሁለት ገጽ ነው። አጥሚት የለበትም። እኔ አራስ ሆኜ አላውቅም፤ አሁን እንደ አራስ እየጠጣሁ ልተኛ ነው፣ ግን አጥሚት የምታማስል እናት ከአጠገቤ የለችም። ለዚህ ጥፋቱ የኔ ነው። ብነግርሽ ኖሮ በባዶ እግርሽም ትመጪ ነበር።

ነገ የምታደርሰኝ አብራኝ የምትሠራ የጎንደር ልጅ ናት። «ለማንም አትንገሪ፣ አስቆርጣ ነው የቀነሰችው ይሉሻል» ብላ መከረችኝ። ይበሉ። አቋራጭ ነው የሚሉኝም አሉ። 14 ቀን ሾርባ ይጠጡና ያውሩኝ።

የሚያስፈራኝ ያንቺ ጉርሻ ነው። አንድ ቀን ደሴ እመጣለሁ። ዶሮ ወጡን ሠርተሽ፣ እንቁላሉን ገምሰሽ፣ በእንጀራ ጠቅልለሽ፣ እጅሽን ዘርግተሽ «አፈር ስሆን» ትዪኛለሽ። ያቺ ጉርሻ ለእኔ ያን ጊዜ ሙሉ ምሳ ናት። ሁለተኛዋን አልችልም። ሁለተኛዋን እንቢ ስልሽ ፊትሽ እንዳይለወጥ ነው የምፈራው፤ ጣሳው ትዝ እንዳይልሽ፣ ይዘሽው ሄደሽ ያልተመለሰው ልጅ ትዝ እንዳይልሽ። ያን ዕለት ሳህኔ ላይ የሚተርፈውን እህል እንዳትቀየሚው። ጠግቤ ነው፣ እማዬ። በእውነት ጠግቤ ነው።

አሁን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ከዚህ በኋላ ውኃም ቢሆን ጥቂት ነው የተፈቀደልኝ። ቦርሳዬ በር ላይ ነው፤ ከውስጡ ነጠላዬ፣ የስልክ ቻርጀር፣ ሰፋ ያለ ቀሚስ። እንደነቃሁ እደውልልሻለሁ፤ «ምን በላሽ?» ስትዪኝ ያን ጊዜ ሁሉንም እነግርሻለሁ።

የሚመጣው ስቅለት ሚያዝያ 22 ቀን 2019 ዓ.ም. ይውላል። የዕረፍት ፎርሜን ዛሬ ሞልቼ ለአለቃዬ ሰጥቻለሁ።