ቦርሳዬ ቀድሞኝ ደባርቅ ገባ

ለእናቴ «ለሥልጠና ጎንደር እሄዳለሁ» ነበር ያልኳት። ሥልጠና የሚባል ነገር አልነበረም። መስከረም 2011 ዓ.ም. ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ሠላሳ አንደኛ ዓመቴን ልደፍን ስለነበር፣ ከቢሮም «መቼ ነው የምታገቢው?» ከሚለው ጥያቄም ርቄ ሁለት ሌሊት ስሜን ተራሮች ሥር ብቻዬን ማደር አማረኝ። «ሴት ልጅ ብቻዋን ተራራ ልታይ ነው» ቢሏት እናቴ ምን እንደምትል መገመት አያቅታችሁም።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ እንጀራዬ ዕቅድ ማውጣት ነው። ጉዞውንም በኤክሴል ሠራሁት። ዓርብ በአውሮፕላን ጎንደር፣ ከዚያ በሚኒባስ ደባርቅ፤ ቅዳሜ ፓርክ፤ እሑድ መልስ። «ችግር ቢፈጠር» የሚለውን ዓምድ ባዶ ተውኩት።

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሄዳችሁ በመስኮት በኩል ተቀመጡ። አምባ ጊዮርጊስን ስታልፉ የወገራ ሜዳ ይዘረጋል፤ በመስከረም ገብሱና ባቄላው አረንጓዴ፣ በየድንበሩ ያለው አደይ አበባ ቢጫ ነው። ዳባት እስክንደርስ ፎቶ ሳነሳ የስልኬ ባትሪ ማለቁን ልብ አላልኩም።

ዳባት ላይ ሚኒባሱ «ለአምስት ደቂቃ» ቆመ። መጸዳጃ ቤት ፈልጌ ስመለስ መኪናው የለም። ገንዘቤ፣ መታወቂያዬ፣ ቻርጀሬ፣ ጃኬቴና ጃንጥላዬ ያሉበት ቦርሳዬ ከወንበሬ ጋር ወደ ደባርቅ እየገሰገሰ ነው። ስልኬን አውጥቼ ለጓደኛዬ ልደውል ስል ጠፋ። ዝናቡም ይህንን ሲጠብቅ የቆየ ይመስል ወረደ።

መንገድ ዳር ቡና የምታፈላ ሴት ሸራዋ ሥር አስጠለለችኝ።

«ከማን ጋር ነሽ የኔ ልጅ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ውይ! ለቅሶ ነው?»

«አይደለም። ተራራ ላይ ነው።»

አየችኝ፤ ነጠላዋን አለበሰችኝና ምንም ሳትል ስልኳን ሰጠችኝ። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ለመሆኑ እናንተ ስንት ስልክ ቁጥር በቃላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንድ ብቻ ነው የማውቀው። የእናቴን።

«ዳባት? ሥልጠናው ዳባት ነው እንዴ?» አለች እናቴ።

ዝም አልኩ። ዝምታዬን ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

«የስልኩን ባለቤት አገናኚኝ።»

ሩብ ሰዓት ያህል አወሩ። እኔ የምሰማው በዚህ በኩል ያለውን ነው። «ኧረ ደህና ናት፣ ረጠበች እንጂ… አዎ፣ ቀጠን ብላለች… እንዴ! አላገባችም?» ከአዲስ አበባ የሸሸሁት ጥያቄ ዳባት ላይ ቡና እየጠጣ ሲጠብቀኝ ነበር ማለት ነው። በመጨረሻ ስምምነት ላይ ተደረሰ፤ እናቴ የ200 ብር የሞባይል ካርድ ገዝታ ቁጥሮቹን በስልክ አነበበችላት፤ ሴትየዋ ደግሞ ከመቀነቷ ፈትታ 200 ብር ቆጠረችልኝ። ለሚቀጥለው ሚኒባስ ረዳትም «የዚችን ልጅ ቦርሳ ደባርቅ መናኸሪያ አስይዝ» የሚል ትእዛዝ ተላለፈ። የኔ ኤክሴል እንዲህ ያለ ቅልጥፍና አይቶ አያውቅም።

ቦርሳዬ ሲመሽ ደባርቅ መናኸሪያ፣ አንድ ተራ አስከባሪ እግር ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ምንም አልጎደለበትም። ጃንጥላዬም ደረቅ ነው፤ ከእኔ በቀር የረጠበ አልነበረም።

ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ብርዷ አጥንት ይገባል። ያረፍኩበት ቤት መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ጋቢ ተሸፍኜ በሻማ በላሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ሌሊት አለቀስኩ። ስለቦርሳው አልነበረም፤ «ደረስኩ» ብዬ ስደውልላት እናቴ ሳትቆጣኝ «ብለሽኝ ቢሆን እኮ ስንቅ እቋጥርልሽ ነበር» ስላለችኝ ነው።

በማግስቱ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደባርቅ ውስጥ ስለሆነ እዚያው ከፍዬ፣ ደንቡ እንደሚያዘው መሣሪያ የያዘ ስካውት ተመደበልኝ። የመኪና ኪራዩ ግን ካሰብኩት በላይ ሆነ። ጨነቅ ድረስ ሄዶ ዋልያ ማየቱ ቀረና ቡይት ራስ ደርሼ ልመለስ ተስማማሁ። እዚያ ስንደርስ የጫማዬ ሶል ተገነጠለ፤ ስካውቱ በሲባጎ አሰረልኝ። ከዚያ ጉሙ መጣ። የስሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው። እኔ ከዚያ ሁሉ ያየሁት ነጭ ነገር ነው። ስካውቱ በጣቱ እያመለከተ «ገደሉ እዚያ ነው» አለኝ። አመንኩት።

ተስፋ ቆርጠን ሣሩ ላይ እንደተቀመጥን ቅጭ ቅጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጭላዳዎች ናቸው። ጭላዳ በዱር የሚኖረው በኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ ዋና ምግቡም ሣር ነው። ከጉሙ ውስጥ ደረታቸው የቀላ፣ ባለ ጎፈር ወንዶችና ልጅ ያዘሉ እናቶች አንድ በአንድ ወጡ። አምስት እርምጃ ላይ ሆነው ሣሩን በጣታቸው እየለቀሙ ያለ እኛ ሰው እንደሌለ ሁሉ በሉ። ፎቶ የለኝም። ሌሊት መብራት ስላልነበረ ስልኬ እንደጠፋ ነው።

(አሁን ለመሄድ ያሰባችሁ የመንገዱን ሁኔታ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ገንዘብና መታወቂያችሁንም ከሰውነታችሁ አትለዩ።)

እሑድ ስመለስ ነጠላውን ልመልስ ዳባት ወረድኩ። በዚህ ጊዜ ቦርሳዬን ይዤ ነው።

«ተራራውን አየሽው?» አለች ሴትየዋ።

«ጉም ነበር።»

ቡናውን ቀዳችልኝ። «እናትሽ ትናንት ሁለት ጊዜ ደውላልኛለች። ለጥምቀት ጎንደር ትመጣለች፣ ተነጋግረን ጨርሰናል» አለችኝ። «አንቺም ትመጫለሽ፤ ሥልጠና ከሌለብሽ።»