እምቢ ማለትም ሙያ ነው

የሰው የሥራ ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ የሚቈጠረው የሠራው ነው። ይህን ያህል መጽሐፍ ደረሰ፣ ይህን ያህል ድልድይ አሠራ፣ ይህን ያህል ሽልማት ተቀበለ ይባላል። አልሠራም ብሎ የተወው ነገር ግን በመዝገብ አይገባም፤ የሚያውቀው ራሱ ባለ ጉዳዩና በዚያ ወር ኪራዩን የጠበቀው የቤት አከራይ ብቻ ነው። ዛሬ ታሪክዋን ለአንባቢዎቼ የማቀርበው አሜሪካዊት ተዋናይት ሲስሊ ታይሰን፣ ከሠራችው ሥራ እኩል እምቢ ባለችው ሥራ ልትመሰገን የሚገባት ሴት ናት። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ሲስሊ ታይሰን ዲሴምበር 19 ቀን 1924 በኒውዮርክ ከተማ ተወለደች። ወላጆችዋ ኔቪስ ከምትባል የካሪቢያን ባሕር ደሴት ወደ አሜሪካ የመጡ ሰዎች ነበሩ። አባትዋ አናጢና ቀለም ቀቢ፣ እናትዋ ደግሞ በሰው ቤት እያጸዱ የሚያድሩ ሠራተኛ ነበሩ። ልጅቱ በሐርለም ሰፈር፣ በቤተ ክርስቲያን እየዘመረችና ፒያኖ እየመታች አደገች። እናትዋ እጅግ መንፈሳዊ ስለ ነበሩ ትያትርና ሲኒማ የኃጢአት ቤት ነው ብለው ያምኑ ነበር። ሲስሊም ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳለች ሴት ልጅ ወልዳ ነበርና፣ ከራስዋ ሌላ የምታሳድገው ሰው ነበረባት።

ትምህርትዋን ከጨረሰች በኋላ በአሜሪካ ቀይ መስቀል ማኅበር ታይፒስት ሆና ተቀጠረች። ሥራው የታወቀ፣ ደመወዙም የማይቀር ነበር። አንድ ቀን ግን ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ እግዚአብሔር የፈጠራት ዕድሜ ልክዋን የጽሕፈት መኪና ስትደበድብ እንድትኖር አለመሆኑን ለሥራ ጓደኞችዋ እንደ ተናገረች፣ ይህን ነገር እስከ እርጅናዋ ድረስ ታወሳው ነበር።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ ፈገግ አልሁ። እኔም በወጣትነቴ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርሁ። በአማርኛው የጽሕፈት መኪና አንዳንዱን ፊደል ለማውጣት ሁለት ጊዜ መምታት ያስፈልግ ስለ ነበር፣ ወደ ማታ ጣቶቼ ይደነዝዙ ነበር። እኔ ግን ከመቀመጫዬ አልተነሣሁም፤ በየወሩ መጨረሻ የምቀበለው ደመወዝ ለእናቴና ለታናናሾቼ እንጀራ ነበርና። በዚህም አልጸጸትም። ይህን የምናገረው፣ የታወቀ ደመወዝ ትቶ መነሣት ምን ያህል እንደሚከብድ የማውቅ መሆኔን አንባቢ እንዲረዳልኝ ነው።

ሲስሊ ከዚያ ወጥታ በመጀመሪያ ለመጽሔቶች ፎቶግራፍ የምትነሣ ሞዴል ሆነች፤ ቀጥላም ወደ ትወና ገባች። እናትዋ ይህን በሰሙ ጊዜ ከቤታቸው አስወጧት፤ ለረጅም ጊዜም ሳይነጋገሩ ቈዩ። ዘመን ካለፈ በኋላ ግን በልጃቸው ሥራ ኮርተዋል። ይህን ታሪክ የሚያነብ የኢትዮጵያ ሰው አይደነቅም። በእኛም አገር ዘመናዊ ትያትር በተጀመረ ጊዜ የሴቶቹን ክፍል የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ ልጅዋን ለመድረክ የምትሰጥ እናት በቀላሉ አትገኝም ነበርና።

በ1961 ዣን ዥኔ የደረሰው «ጥቁሮቹ» የተባለው ትያትር በኒውዮርክ ሲታይ፣ ሲስሊ ከጄምስ ኧርል ጆንስና ከማያ አንጀሉ ጋር ተጫወተች። በ1963 ደግሞ ሲ.ቢ.ኤስ. በተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት «ኢስት ሳይድ ዌስት ሳይድ» በሚባል ተከታታይ ድራማ፣ የአንድ የማኅበራዊ ርዳታ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሆና መታየት ጀመረች። የጽሕፈት መኪናን ትታ የሄደችው ሴት በጸሐፊነት ክፍል መታወቅዋ ያስቃል፤ ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። በዚያ ዘመን ጥቁር ሴት በአሜሪካ ቴሌቪዥን ብትታይ፣ አብዛኛውን ጊዜ የቤት ሠራተኛ ሆና ተመልካችን ለማሳቅ ነበር። በቁም ነገር ድራማ ውስጥ ቋሚ ክፍል ካገኙት ጥቁር ሴቶች የመጀመሪያይቱ እርስዋ ናት ይባላል። ጠጉርዋንም ሳታለሰልስ፣ አሳጥራ እንደ ተፈጥሮው ትታው ቀረበች። ይህን ያዩ ብዙ ሴቶችም ጠጉራቸውን እንዲሁ አደረጉ። ድራማው በ1964 ቢያበቃም፣ ያች ጸሐፊ ግን ከተመልካች ልብ አልጠፋችም።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሆሊውድ ጥቁሮችን የሚያሳዩ ፊልሞች በዝተው ነበር። ነገር ግን በብዙዎቹ ውስጥ ሴቲቱ ወይ ሴተኛ አዳሪ ናት፣ ወይ የወንበዴ ወዳጅ ናት። ሲስሊ እንዲህ ያለውን ክፍል አልቀበልም አለች። ይህ እምቢታዋ ብዙ ወራት ያለ ሥራ አስቀመጣት፤ እርስዋ ግን ከቃልዋ አልተመለሰችም።

በመጨረሻም በ1972 ማርቲን ሪት ያዘጋጀው «ሳውንደር» የተባለው ፊልም መጣ። በዚህ ፊልም በ1930ዎቹ በሉዊዚያና የሚኖር የአንድ ጥቁር ጢሰኛ ሚስት ርብቃን ሆና ተጫወተች። ባልዋ ለተራቡ ልጆቹ ሥጋ ሰርቆ ይታሰራል፤ እርስዋም ከልጆችዋ ጋር እርሻውን ይዛ ትቀራለች። ሲስሊ በዚህ ሥራዋ ለኦስካር ሽልማት ታጨች።

ከዚህ ፊልም ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ደጋግማ ትናገር ነበር። ፊልሙን ያየ አንድ ነጭ ጋዜጠኛ፣ ጥቁሩ ልጅ አባቱን ሲጠራ የሰማው ቃል የራሱ ልጅ እርሱን የሚጠራበት ያው ቃል ስለ ሆነበት እንደ ተደናገረ ነገራት። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ እንዲያውም በገዛ ራሱ ውስጥ ያገኘውን ነገር በግልጥ መናገሩ ነበር። ሲስሊ ግን ያን ዕለት፣ ጥቁር አባት በልጁ ዘንድ አባት መሆኑን የማያውቅ ሰው ካለ፣ እንግዲህ ማንኛውንም ሥራ መቀበል እንደማይገባት ቈረጠች። የምትጫወተው ክፍል ሁሉ ለማያውቅ ሰው ምስክር እንደሚሆን ተረድታ ነበርና።

በ1974 በቴሌቪዥን የቀረበው «የሚስ ጄን ፒትማን የሕይወት ታሪክ» የዚህ ውሳኔ ፍሬ ነበር። ታሪኩ ከኧርነስት ጌይንስ ልብ ወለድ የተወሰደ ሲሆን፣ በባርነት ተወልዳ እስከ 110 ዓመትዋ የኖረች የአንዲት ሴት ነው። ሲስሊ ወጣትነትዋንም እርጅናዋንም ራስዋ ተጫወተች፤ ፊትዋ የአሮጊት ፊት እንዲመስልም ለብዙ ሰዓት ተቀምጣ ትቀባ ነበር። በፍጻሜው አሮጊቷ ጄን ምርኵዝዋን ይዛ ለነጮች ብቻ ወደ ተከለለው የመጠጥ ውኃ ቀስ ብላ ትሄዳለች፤ ጐንበስ ብላም ትጠጣለች። ይህ ሥራ ሁለት የኤሚ ሽልማት አስገኘላት። በ1977 «ሩትስ» በተባለው ድራማ የኩንታ ኪንቴን እናት፣ በ1978 ደግሞ ባሮችን ነጻ ያወጣችውን ሃሪየት ተብማንን ሆና ታየች።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበልልኝ። ርብቃ ድኻ ናት። ጄን ፒትማን በባርነት የተወለደች ናት። በ2011 በወጣው «ዘ ሄልፕ» በተባለው ፊልምም ሲስሊ የተጫወተችው የአንዲት አሮጊት የቤት ሠራተኛን ክፍል ነው። ስለዚህ እምቢ ያለችው ድኽነትን ወይም የቤት ሠራተኛነትን አልነበረም፤ የገዛ እናትዋ በዚያው ሥራ ነው ያሳደጓት። እምቢ ያለችው ሰው ሆና ያልተጻፈችን ሴት ነው።

ይህ ልዩነት በቤቴ ውስጥ የረዳን አምና ነው። የልጄ ልጅ ትያትር የተማረች ናት። በአንድ ተከታታይ ድራማ ውስጥ ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ እንድትሆን ተጠየቀች። ጽሑፉን ይዛ መጥታ አነበበችልኝ። ሠራተኛይቱ በገባች ቍጥር ዕቃ ትሰብራለች፣ አነጋገርዋም ይሣቅበታል። ከየት እንደ መጣች፣ ማንን እንደምትናፍቅ ግን አንድ ቃል የለም። የልጄ ልጅ እምቢ አለች። አባትዋም ተቈጣ።

«የቤት ኪራይሽን ማን ይክፈልልሽ? ሠራተኛ መሆን ነውር ነው እንዴ?» አላት።

እርስዋም ወደ እኔ ዘወር ብላ፣ «እማማ፣ እርስዎ ይፍረዱን» አለችኝ።

ፍርዱ ቀላል አልነበረም። አባትዋ የተናገረው እውነት ነው፤ ኪራይ በእምቢታ አይከፈልም። ሠራተኛነትን ንቃ ከሆነም መገሠጽ ይገባታል። ስለዚህ «ልጄ፣ የጠላሽው ሠራተኛይቱን ነው ወይስ መሣቂያ መሆንዋን?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ጽሑፉ ውስጥ ስም እንኳ የላትም። ስም ቢሰጧት፣ አንዲት ቀን እንኳ ስለ እናትዋ ብትናገር፣ ደስ ብሎኝ እሠራት ነበር» አለች።

አባትዋ ብዙ ዝም ካለ በኋላ ካፖርቱን አንሥቶ ወጣ። በማግሥቱ ግን ተመልሶ መጣ፤ የሦስት ወሩንም ኪራይ እኔና እርሱ ተካፍለን ከፈልን። ያ ድራማ በሌላ ልጅ ተሠርቶ ታየ፤ ሰውም ሣቀ። የልጄ ልጅ እምቢ በማለትዋ የተለወጠ ነገር ቢኖር የራስዋ ቤት ብቻ ነው።

እምቢታ ወዲያው አይከፍልም፤ የሲስሊ ታይሰንም ዕድሜ ይህንኑ ያሳያል። በ1981 የታወቀውን ጥሩምባ ነፊ ማይልስ ዴቪስን አገባች፤ በኋላም ተፋቱ። የሚገባት ሥራ የማይመጣባቸው ብዙ ዓመታት አለፉ። ትልቁ የትያትር ሽልማት ቶኒ የተሰጣት በ2013፣ በ88 ዓመትዋ ነው። በ2016 ፕሬዚዳንት ኦባማ የነጻነት ሜዳይ አጠለቁላት። በ2018 የክብር ኦስካር ስትቀበል፣ ይህን ክብር ያገኘች የመጀመሪያይቱ ጥቁር ሴት ሆነች፤ ከ«ሳውንደር» ወዲህ 46 ዓመት አልፎ ነበር። የሕይወት ታሪክዋን የጻፈችበት መጽሐፍ ጃንዋሪ 26 ቀን 2021 ታትሞ ወጣ፤ ከሁለት ቀን በኋላም በ96 ዓመትዋ ዐረፈች።

ሽልማቱ ባይመጣስ ኖሮ? እኔ እንደሚመስለኝ እምቢታዋ ያው ትክክል ይሆን ነበር፤ ሙያ በልብ ነውና። በትያትር ብቻም አይደለም። በጽሕፈት ቤት የሚሠራ ሰው፣ እጁ ብዕር ይዞ ሳለ ፊርማውን የሚከለክልበት ቀን ይመጣበታል። ያን ቀን ማንም አያጨበጭብለትም።

ስለዚህ ልጃችሁ ሥራ እምቢ ብሎ ወደ ቤት የመጣ እንደ ሆነ፣ ከመቈጣታችሁ በፊት ምን ሁን ተብሎ እንደ ነበረ ጠይቁት። ስንፍና ከሆነ ተግሣጽ ይገባዋል። ስንፍና ያልሆነ እንደ ሆነ ግን እንጀራችሁን አካፍሉት።