ግዴታ ወይስ ውዴታ?

የተጣላነው ሐሙስ ማታ ነው። በገንዘብ ወይም በፍቅር ቢሆን ሰው ይረዳን ነበር፤ እኛ ግን የተጣላነው በአንዲት ቃል ነው። ቃሏም እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ ያላት አይደለችም። አንድ ፕሮግራም ኮምፒዩተር ላይ ሲጫን ምን ምን እንደሚያስፈልገው በሚዘረዝር ፋይል ውስጥ የተቀመጠች፣ «ይህ ግዴታ ነው» ወይም «ግዴታ አይደለም» የምትል ቃል ናት። በዚህች ቃል አራት የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስንጯጯህ ጥበቃው መጥተው «ልጆቼ፣ ወይ ዝም በሉ ወይ ውጡልኝ» አሉን። ወጣን። ክርክሩ በሩ ላይ ካለው መብራት ሥር ቀጠለ።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምረው። ለመመረቂያ ጽሑፋችን የልብ ወለዶችን ቃላት መቁጠር ነበረብን። የትኛው ደራሲ የትኛውን ቃል ያዘወትራል፣ በስንተኛው ምዕራፍ ላይ ይበዛል፣ የት ላይ ይጠፋል፤ ይህን የመሰለ ነገር። በካርድ ሞከርነው፤ በሦስተኛው ቀን ጣልነው። አማርኛን መቁጠር ደግሞ በክፍት ቦታ እየከፈሉ መደመር ብቻ አይደለም። «ለቤታችን»፣ «የቤቶቻቸውን»፣ «ከቤትሽም» ሁሉ ያው ቤት ናቸው፤ ከፊትም ከኋላም የተለጠፈውን እየገፈፈ ወደ ቃሉ የሚያደርስ ነገር ያስፈልጋል። ከመካከላችን አንዱ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ በገዛ ራሱ ተምሮ ነበርና ክረምቱን ሙሉ ተቀምጦ ጻፈው። ሠራ! እውነቱን ለመናገር ሲሠራ አይተን ጨፍረናል። ብቻ ቀርፋፋ ነው። አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ሰጥተነው፣ ሻይ ጠጥተን፣ ስለ ፈተና አምተን ስንመለስ ገና አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ይዳክራል።

ልጁ ይህ አልዋጥልህ አለው። የሥራውን እምብርት፣ ማለትም ቅጥያ የሚገፈውን ክፍል፣ ሲ በሚባለው ቋንቋ እንደገና ጻፈው። ያ ሁሉ መጠበቅ ቀርቶ ሥራው ከአንድ ደቂቃ በታች አለቀ። ደስታችን ግን ዕዳ ይዞ መጣ፤ የዕዳውም ስም ኮምፓይለር ይባላል።

እንደ እኛው ከኮምፒዩተር ጋር በሩቁ ሰላምታ ለምትለዋወጡ እንዲህ ብናስረዳ ይሻላል። ድሮ የውጭ መልእክተኛ ቤተ መንግሥት ሲመጣ ቱርጁማን ከጎን ይቆማል፤ እንግዳው አንድ ዐረፍተ ነገር ሲናገር እሱ አንድ ዐረፍተ ነገር ይመልሳል። ፓይተን እንዲያ ነው፤ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ቱርጁማኑ መሀል ገብቶ ይቆማል። ኮምፓይለር ግን መጽሐፉን በሙሉ አንድ ጊዜ ተርጉሞ፣ ጠርዞ የሚያስረክብ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ማሽኑ በራሱ ቋንቋ፣ ያለ አማላጅ ይነበንበዋል። ፍጥነቱ ከዚህ ይመጣል። ችግሩም ከዚሁ ነው፤ ተርጓሚው ቤት ውስጥ ከሌለ መጽሐፉ አይወጣም። (የኮምፒዩተር ተማሪዎች «ፓይተንም እኮ ውስጥ ለውስጥ ይተረጉማል» ይሉን ይሆናል። ልክ ናቸው፤ ለዛሬ እለፉን።)

ሁለተኛ ደረጃ አብሮን የተማረ፣ አሁን ክፍለ ሀገር ባለ ዩኒቨርሲቲ አማርኛ የሚያጠና ጓደኛ አለን። ፕሮግራሙን ላክንለት። ላፕቶፑ የእኅቱ ነው፤ ማታ ማታ ብቻ ታውሰዋለች። ሊጭነው ሲል ሙሉ ገጽ ቀይ ጽሑፍ ተዘረገፈበት። በስልክ አነበበልን፤ ፍሬ ነገሩ «ኮምፓይለር አልተገኘም» ነው። «ታዲያ አውርደዋ!» አልነው፣ ቀላል ይመስል። ኮምፓይለሩ ከነጓዙ በጊጋባይት የሚቆጠር ነው፤ እሱ ኢንተርኔት የሚገዛው በሜጋባይት። ትንሽ ዝም አለና «ለናንተ ቃል መቁጠሪያ ብዬ የወር ካርዴን ላቃጥል?» አለን። ምን ይባላል?

በዚያው ሳምንት ኮምፓይለሩን ውዴታ አደረግነው። አሠራሩ ከባድ አይደለም፤ የሲው ክፍል መተርጎም ካልቻለ መጫኑ ሳይቋረጥ እንዲያልፈው የሚያዝ መንገድ ፓይተን ራሱ አለው። ፕሮግራሙ ሲነሣ የሲውን ይፈልጋል፤ ካጣው በዝግታው መንገድ ይሄዳል። ፈጠራው የእኛ እንዳይመስላችሁ። ማርክአፕሴፍ የሚባል በብዙ ቦታ የሚሠራበት የፓይተን ጥቅል እንዲሁ ነው፤ በሲ የተጻፈ ማፍጠኛ አለው፣ ከሌለም በንጹሕ ፓይተን ይሠራል። ጓደኛችን በማግስቱ ጫነው። እኛም የደግ ሰው እንቅልፍ ተኛን።

ከዚያ «ዓመት» የሚባለው ቃል መጣብን።

ጓደኛችንና ከመካከላችን አንዷ ሳይነጋገሩ ያንኑ ልብ ወለድ ቆጥረው ኖሯል። ውጤታቸውን ሲለዋወጡ «ዓመት» እሱ ዘንድ ከእሷ በሰማንያ ያህል በልጦ ተገኘ። አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ፕሮግራም፣ ሁለት ቁጥር! እሷ ደግሞ ምዕራፏን ለአማካሪዋ አስረክባለች። ልትደብቅ ትችል ነበር፤ አልደበቀችም። ሁለቱን ወረቀት ይዛ ሄደች። እሳቸው ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲያዩ ቆዩና «ልጄ፣ የትኛው ነው ውሸቱ?» አሏት። መልስ አልነበራትም። ከቢሮው ስትወጣ ፊቷን ያየነው እኛ ነን።

ሁለት ቀን ፈልገን አገኘነው። አማርኛ ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው ብዙ የሆኑ ፊደላት አሉት፤ ሀና ሐና ኀ፣ ሠና ሰ፣ ጸና ፀ፣ አና ዐ። አንዱ ገጽ ላይ «ዓመት»፣ ሌላው ገጽ ላይ «አመት» ተብሎ የተጻፈው እንደ አንድ ቃል እንዲቆጠር በፓይተኑ ሰንጠረዥ ውስጥ ዐን ከአ ጋር አዋሕደን ነበር፤ በሲው ሰንጠረዥ ግን ረስተነዋል። ስለዚህ ኮምፓይለር ያላት ፈጥና ተሳሳተች፣ የሌለው ዘግይቶ ልክ ሆነ። ከሁሉ የሚያሳፍረው ደግሞ ፕሮግራሙ በየትኛው መንገድ እንደሄደ ለሁለቱም ትንፍሽ አላለም።

የሐሙሱ ጠብ የተነሣው ከዚህ ነው።

«ግዴታ ይሁን» አለች። «ውዴታ ስትሉ ቸር የሆናችሁ ይመስላችኋል። ሁለት ፕሮግራም ሠርታችሁ አንድ ስም ነው የሰጣችሁት። ኮምፓይለር የሌለው ሰው በሩ ላይ ቢመለስ ይሻለዋል፤ ቢያንስ እንደተመለሰ ያውቃል።» ሲውን የጻፈው ልጅም ከእሷ ጋር ቆመ፤ የእሱ ምክንያት ግን ድካም ነበር። «አንዲትን ነገር ሁለት ጊዜ መጻፍ ሰለቸኝ። ፓይተኑን እንጣለውና እንገላገል» አለ። የቀረነው ሁለታችን የጓደኛችንን የወር ካርድ እያነሣን ተከራከርን። እውነቱን ለመናገር ክርክራችን ደካማ ነበር። አማካሪዋ ፊት የቆመችው እሷ ናት፤ እኛ አይደለንም።

መሀል ላይ እሱ የክሪፕቶግራፊን ታሪክ አመጣ። ክሪፕቶግራፊ የምስጢር መቆለፊያ የሆነ የፓይተን ጥቅል ነው፤ እጅግ ብዙ ሌሎች ፕሮግራሞች ተደግፈውበታል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 በወጣው 3.4 እትሙ፣ ከምንጩ ለሚገነባው ሰው ሁሉ ራስት የሚባለውን ቋንቋ ኮምፓይለር መጠየቅ ጀመረ። አዘጋጆቹ ምክንያት ነበራቸው። በሲ የተጻፈ ሥራ በማኅደረ ትውስታ አያያዝ ስሕተት በቀላሉ ይበሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ውስጥ የተገኘው «ሀርትብሊድ» የተባለው ቀዳዳ የዚህ ዐይነት ነበር። ራስት እንዲህ ካለው ስሕተት አብዛኛውን ገና ሲተረጎም ይይዘዋል። ብዙው ሰው ለውጡን አላወቀውም፤ ቀድሞ የተተረጎመ፣ እነሱ «ዊል» የሚሉት ጥቅል ተዘጋጅቶለታልና። የተመታው ዊል ያልተዘጋጀለት ነው። አልፓይን በሚባለው ሊኑክስ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ትናንት ሲገነባ የነበረው ሥራቸው ዛሬ አልገነባ አላቸው። እንደ አልፋና ፒኤ ሪስክ ያሉ ያረጁ ማሽኖችን በጄንቱ ሊኑክስ የሚያኖሩት ደግሞ ከዚያም ባሰባቸው፤ ለእነዚያ ማሽኖች የሚተረጉም ራስት አልነበረም። ጩኸቱ ከባድ ነበር። ለጊዜው ራስትን የሚያልፍ መቀየሪያ ነበረ፤ በዚያው ዓመት በወጣው 35.0 እትም ግን ቀረና ግዴታው ጸና። (ከ3.4 ወደ 35.0 እንዴት እንደዘለሉ አትጠይቁን፤ የእትም አቆጣጠራቸውን ስለለወጡ ነው።)

«አያችሁ?» አለ ልጁ፣ እጁን እያወናጨፈ። «እነሱ እንኳ ገደዱ!»

ይህ ምሳሌ ግን እሱ ወዳሰበው አልወሰደንም። ቀስ ብለን ስናስበው የእነሱና የእኛ ጉዳይ ይለያያል። ደካማ ቁልፍ የመረጠ ሰው የሚያጋልጠው ራሱን ብቻ አይደለም፤ ምስጢሩን ያደራጀበትንና ጭራሽ የማያውቀውን ሦስተኛ ሰው ጭምር ነው። እንዲህ ያለውን «እንደ ፍላጎትህ» ማለት ያስቸግራል። የእኛ ፕሮግራም ሲዘገይ ግን የሚጠብቀው ጓደኛችን ብቻ ነው፤ ለመጠበቅም ፈቅዷል። ለፍጥነት ብለን በሩን ልንዘጋበት ምን መብት አለን? እሷ ያለችው የሁለት ቁጥር ነገር ግን ከፍጥነት ጋር አይገናኝም፤ እዚያ ላይ ትክክል ናት። ብቻ መድኃኒቱ ሰውን በሩ ላይ መመለስ ነው ወይ? ግዴታ አድርገነው ቢሆን ኖሮ እኮ ሁላችንም በሲው እንቆጥር ነበር፤ ሁላችንም እንሳሳት ነበር፤ ማንም አያውቅም ነበር። ስሕተቱን ያጋለጠው ያ ኮምፓይለር የሌለው የእኅቱ ላፕቶፕ ነው።

ይህን ስንል እሷ ዝም አለች። የተሸነፈች አትመስልም፤ የምታስብ ትመስላለች።

ዊልም አንሥተናል። እንግዳን ዱቄት ሰጥቶ «ምጣድ ይዘህ ና» ከማለት የተጋገረ እንጀራ ማቅረብ የሚያኮራ ነው፤ ኮምፓይለሩ የባለቤቱ ሸክም ይሆናል፣ እንግዳው ይበላል። ነገር ግን ለየማሽኑ ዐይነት ለየብቻ መጋገር አለበት፣ እኛም ያለን ሁለት ላፕቶፕ ነው። ይህን በነጻ የሚሠሩ አገልግሎቶች መኖራቸውን እናውቃለን፤ ገና አልደረስንባቸውም።

ወደ አራት ሰዓት ገደማ «ውዴታ ይሁን» ብለን ጻፍን። ከዚህ በኋላ ፓይተኑ ዳኛ ነው፤ ሁለቱ ሲለያዩ የሚታረመው ሲው ነው። ፕሮግራሙም በየውጤቱ ራስጌ ላይ በየትኛው መንገድ እንደቆጠረ ይጽፋል፤ ዝምታው ቀርቷል። ሲውን የጻፈው ልጅ አሁንም ሁለት ጊዜ ይጽፋል፣ አሁንም ያጉረመርማል። እውነት አለው፤ ይህን ሸክም ከእሱ ላይ የሚያወርድ ነገር አላገኘንም። ውዴታ ለተቀባዩ ነው እንጂ ለሰጪው አይደለም ብሎናል፤ ሻይ እየገዛን እናባብለዋለን።

ሁለቱን መንገዶች ፊደል በፊደል የሚያፋጥጠውን መፈተኛ የጻፈችው ግን እሷ ናት፤ ማንም ሳይጠይቃት፣ በዚያው ሌሊት። ጧት ስትመጣ ዐይኗ ቀልቷል፣ ፊቷ ግን ስቋል። «ሌላ አገኘሁ» አለች። ሲው ሐን ከሀ ጋር ሲያዋሕድ ከሐ እስከ ሖ ያሉትን ሰባቱን ብቻ ይዞ ስምንተኛዋን ሗን ትቷታል፤ «ሗላ» እና «ኋላ» ሁለት ቃል ሆነው ሲቆጠሩ ከርመዋል። እኛ ደግሞ በዚህ ቁጥር ሁለት ሴሚናር አቅርበናል!

የታረመውን ለጓደኛችን ላክንለት። ማታ ደወለ።

«አየሁት፤ ‹ኮምፓይለር የለም፣ በዝግታው መንገድ እየቆጠርኩ ነው› ይላል» አለን።

«እሺ፣ ምን ደረሰ?»

«እራቴን በልቼ ተመለስኩ። እኅቴ ላፕቶፗን ልትወስድ በሩ ላይ ቆማለች። ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ነው፤ ትንሽ ታገሺኝ እያልኳት ነው።»