ቁራኛ

የድሮ ሰው ሙግት ያውቅበት ነበር። ከሳሽ ተከሳሹን «በሕግ አምላክ!» ብሎ ያስቆመዋል። ከዚያ ሁለቱ በኩታቸው ጫፍ ተቋጥረው ዳኛ ፊት እስኪደርሱ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ቁራኛ ይሉታል። አይመችም። ግን ከሳሹ «ወስዳችሁ የትም ጣሉልኝ» አይልም፤ እሱም ታስሯላ!

ይህ ልማድ ትዝ የሚለኝ የአል ሆል ነገር ሲነሳ ነው። በመጋቢት 2019 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) አይሲስ ሶርያ ውስጥ የመጨረሻ ይዞታውን ባጉዝን ሲነጠቅ፣ ሚስቶቹና ልጆቹ አል ሆል በተባለ የድንኳን ሰፈር ታጎሩ። 10 ሺህ ያህል ሰው የነበረበት ሰፈር በጥቂት ወራት ከ70 ሺህ አለፈ፤ አብዛኛው ሕፃን ነው። ተዋጊዎቹን ኩርዶች በየእስር ቤቱ ያዟቸው።

የየአገሩ መንግሥት ታዲያ ምን አለ? ብሪታንያ በ15 ዓመቷ የሄደችውን የሻሚማ ቤገምን ዜግነት በየካቲት 2019 ነጠቀች፤ ያኔ የወለደችው ልጅ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ካምፕ ውስጥ ሞተ። ፈረንሳይ ወንዶቹን «ኢራቅ ትዳኛቸው» አለች፤ በዚያው ዓመት ባግዳድ ላይ 11 ፈረንሳውያን ሞት ተፈረደባቸው። ስዊድን ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ይቋቋም ብላ ነበር፤ ወሬ ሆኖ ቀረ። ካዛኽስታን ግን (ዓለምን ስለ ሰብዓዊ መብት የምታስተምር አገር አይደለችም) አውሮፕላን ልካ ከ500 በላይ ሰዎቿን አመጣች፣ ወንዶቹን ፍርድ ቤት አቆመች።

«አንተን ምን አገባህ?» የሚለኝ ይኖራል። ያገባኛል። በሚያዝያ 2015 አይሲስ ሊቢያ ውስጥ 30 የሚሆኑ ወገኖቻችንን ሲያርድና ሲረሽን፣ ቂርቆስ ሰፈር ለቅሶ ደርሻለሁ። ለገዳዮቹ የሚራራ አንጀት የለኝም። ዳኛ ፊት ይቁሙ የምለውም ለነሱ ብዬ አይደለም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ2015 ፋሉጃ ውስጥ አንዲት የ5 ዓመት የያዚዲ ልጅ በጠራራ ፀሐይ ታስራ ሞተች። እሷንና እናቷን በባርነት ይዞ የነበረው ሰው ግሪክ ውስጥ ተይዞ ለጀርመን ተሰጠ። እናትየዋ መሰከረችበት። በኅዳር 2021 የፍራንክፈርት ፍርድ ቤት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ብሎ ዕድሜ ልክ ፈረደበት። ያቺ እናት የልጇን ሞት በዳኛ ፊት ተናገረች፤ ተጻፈላት። ሰውየው ድንኳን ውስጥ ተረስቶ ቢቀር ማን ይጽፍላት ነበር?

ልጆቹስ? በጥር 2022 አይሲስ የሐሰካን እስር ቤት ሲያጠቃ ከአዋቂዎቹ ጋር በመቶዎች የሚቆጠሩ ታዳጊ ወንዶች ታስረው ነበር። ወላጅ ይዟቸው ሶርያ የገቡ፣ ወይም እዚያው የተወለዱ አሉበት። እነዚህን ከማን ጋር ነው የምንቋጥራቸው?

በ2026 መጀመሪያ ሰፈሩ ከኩርዶች ወጥቶ በሶርያ መንግሥት እጅ ገባ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ እስረኞችም ወደ ኢራቅ ተጋዙ። የአውሮፓ ዜጎች አሉባቸው። በ2019 በ10 ዓመቱ የታጎረ ልጅ ዛሬ 17 ሆኖታል።