ደርሶ መልስ ከነልጅ

ደብረ ብርሃን ዙሪያ ገጠር ውስጥ ዘመድ ያለው ሰው “ጠዋት ሄጄ ማታ እመለሳለሁ” ቢል፣ የአዲስ አበባ ጎረቤቱ አያምነውም። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለደርሶ መልስ አይከብድም። የሚከብደው ከዘመድ ቤት መውጣቱ ነው። በጉ ታርዶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ሕፃኗ ከእቅፍ ወደ እቅፍ ስትዘዋወር ከዋለች በኋላ ዐሥር ሰዓት ላይ “በሉ እንግዲህ እንነሣ” ማለት ጠብ መጫር ነው። “ምን አጓደልንባችሁ?” ይባላል። አንዷ አክስት ጫማ ትደብቃለች። ይታደራል።

ሆላንድ ውስጥ ግን የወጣ ሰው ይመለሳል። ሮተርዳም፣ ዘ ሄግም ሆነ አምስተርዳም የሚኖር ቤተሰብ ቅዳሜ ጠዋት ልጁን ይዞ ይወጣል፣ ላምና ሜዳ አይቶ ልጁ የሚተኛበት ሰዓት ሳያልፍ ቤቱ ይገባል። የሚጠብቀው የለም፤ አትሄድም ብሎ የሚይዘውም የለም።

ሮተርዳም ለምንኖር ቅርባችን ኪንደርዳይክ ነው። ከኤራስመስ ድልድይ ሥር ዋተርባስ የሚባለውን ጀልባ ተሳፍሮ በወንዙ መሄድ ነው፤ ለልጅ ጀልባው ብቻ ይበቃታል። እዚያ ያሉት 19 የነፋስ ወፍጮዎች አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ1740 አካባቢ የተሠሩ ናቸው፤ የተሠሩትም እህል ለመፍጨት ሳይሆን ከዝቅተኛው መሬት ውሃ ቀድቶ ለማውጣት ነው። ዩኔስኮ በ1997 መዝግቧቸዋል፤ አንዳንዶቹ ውስጥ ዛሬም ሰው ይኖራል። ልጄን የያዛት ግን ወፍጮው ሳይሆን ስለ ቦታው የሚነገረው የድመት ተረት ነው። በ1421 ከደረሰው ታላቅ ጎርፍ በኋላ ሕፃን የተኛበት አልጋ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ታየ፤ አንዲት ድመት እንዳይገለበጥ ወዲያና ወዲህ እየዘለለች ሚዛኑን ጠብቃ ዳር አደረሰችው ይባላል። “ድመቷስ አልበረዳትም?” እያለች እስከ ቤት አደረቀችኝ።

አምስተርዳም ያሉ ወዳጆቻችን ደግሞ አምስተርዳምሰ ቦስ ይወስዱናል። ይህ ትልቅ ጫካ እ.ኤ.አ. በ1934 ሥራ ላጡ ሰዎች ሥራ ለመፍጠር ተብሎ የተጀመረ፣ በሰው እጅ የተተከለ ነው፤ የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ለሚያውቅ የተተከለ ጫካ አዲስ ነገር አይደለም። ውስጡ የፍየል እርባታ አለ። ልጆች ጡጦ ተገዝቶላቸው ግልገል ያጠባሉ። እናቴ በቪዲዮ ስታይ “ገንዘብ ከፍለሽ ነው የሰው ፍየል የምታጠቢው?” አለችኝ። እውነቷን ነው። እኛ ዘንድ ግልገል አቅፎ ለመዋል የሚከፍል ልጅ የለም፤ በበዓል ዋዜማ ግልገሉ ወዴት እንደሚሄድም ያውቀዋል።

እናቴን ከዚያ በላይ ያስደነገጣት ዝናቡ ነው። አገር ቤት ልጅ ከብርድና ከምች ተሸፍኖ ነው የሚያድገው፤ ጭቃ የረገጠ ልጅ ይገሠጻል፣ እግሩ ይታጠባል። እዚህ ዘነበ ብሎ ቤቱ የሚቀር የለም። ልጅቷ እስከ ጉልበቷ የፕላስቲክ ቡትስ ታደርጋለች፤ የዝናብ ሱሪ ከላይ ትደርባለች፤ ከዚያ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ እየመረጠች ትዘላለች። እናቶቹ ቆመው ያያሉ። እኔም መቆም ለመድኩ።

ያልለመድኩት ቦዩን ነው። የሆላንድ ላም ብዙ ጊዜ በአጥር አትታገድም፤ በየማሳው ዳር የተቆፈረው የውሃ ቦይ ነው አጥሯ። መንገዱም ያንኑ ቦይ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ነው የዚህ አገር ልጆች ገና በትንሽነታቸው ዋና ተምረው የ“ኤ” ዲፕሎማ የሚወስዱት። ስንቶቻችን ዋና ሳንችል ልጆቻችንን ቦይ ዳር እንደምናስሮጥ እግዜር ይወቀው። በዚህ ጉዳይ ላይ ቀልድ አላውቅም፤ የልጆቻችሁን የዋና ትምህርት አታዘግዩ።

ምግቡ ላይ ብዙ አልልም። የፈረንጁ ቤተሰብ ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ ዕቃውን ይከፍታል፤ ዳቦ በቺዝ፣ የተቆራረጠ ኪያር፣ ፖም፤ ለእያንዳንዱ የየራሱ። አገልግል ተከፍቶ ፍርፍሩ ሲወጣ ግን ለአንድ ሰው የሚባል ነገር የለም፤ አላፊ አግዳሚውም “ኑ ብሉ” ይባላል። እዚህ ያን ብንል “ኔ፣ ዳንክ ዩ” ብለው ፈገግ ብለው ያልፋሉ።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው፦ ቀኑን ለልጅ በመስጠት እነሱ ይበልጡናል። አገር ቤት ልጅ የአዋቂ ጥየቃ ተከታይ ናት፤ ዘመድ ስትስም ትውላለች እንጂ የት እንሂድ ብሎ የሚጠይቃት የለም። እዚህ ግን ዘ ሄግ አጠገብ ያለውን የሜየንደልን አሸዋ ስትዝቅ ብትውል “በቃ” የሚላት ዘመድ የለም፤ ማታ ስትመለስ የምታውቀው ሰው ግን እንደ ጠዋቱ እኔና አባቷ ብቻ ነን። ይህ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ለብቻችን መሄዱን ትተን ዴልፍት እንገናኝ። ዴልፍት ከሮተርዳምና ከዘ ሄግ በባቡር ደቂቃዎች፣ ከአምስተርዳም አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ዴልፍትሰ ሃውት የሚባለው መናፈሻ ሐይቅም ሜዳም አለው። አራት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በባቡር አይከፍልም፤ ከ4 እስከ 11 ያለው ከአዋቂ ጋር በርካሽ የልጆች ትኬት ይሄዳል። ቅያሪ ልብስ ያዙ፣ አገልግል ያለው አገልግሉን ያምጣ። ቡናውን በፔርሙዝ አድርጉት፤ ከተፈቀደበት ቦታ ውጪ ሜዳ ላይ ከሰል ማንደድ ክልክል ነው።