ሂጂ ልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ሕመሙ ለቀቀኝ ማለቴ አይደለም፤ ራሴ ተነሥቼ ቡና አፍልቻለሁ፣ እህልም ቀምሻለሁ ማለቴ ነው። መተማ ሆስፒታል እንደ ተመደብሽ፣ ነገር ግን «እማዬን በዚህ ሁኔታ ጥዬ አልሄድም» እንዳልሽ አክስትሽ ነገረችኝ። በስልክ እንዳንነጋገረው እንባ ይቀድመናል ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

ሂጂ። የተማርሽበት የጎንደር ጤና ትምህርት ቤት በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው ሐኪም ወዳጣው ገጠር የሚወርድ ሰው እንዲያፈራ ነው እንጂ እናት እንዲያስታምም አይደለም። ለማስታመሙ ጎረቤት አለኝ።

አባትሽ በኤድስ ሲሞት አንቺ ጡት አልጣልሽም ነበር። ያኔ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ገንዘብ ላለው ብቻ ነበር፤ ላሙን ሸጦ የገዛ ሰው፣ የላሙ ብር ሲያልቅ መድኃኒቱም ያልቅበታል። በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ሲጀምር ለእኔ ደረሰልኝ፣ ለእሱ አልደረሰለትም። ፈጣሪ አንቺን ከቫይረሱ ነጻ አድርጎ ስለ ሰጠኝ አመሰገንኩ፤ ቢሆንም ገላዬ እያገገመ ልቤ «ከእንግዲህ ለምን?» ማለቱን አልተወም። ኪኒን ለዚህ ጥያቄ አይሠራም፤ ይህን በሙያሽ ውስጥ እንድታውቂው እፈልጋለሁ።

አንድ ቀን መድኃኒት ልወስድ ስሄድ ነርሷ አዲስ የተመረመረች ልጅ አጠገብ እንድቀመጥ ለመነችኝ። ልጅቱ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች። የመድኃኒቱን ብልቃጥ ሰጠችኝ፤ ባወዛውዘው ድምፅ የለውም። ጎረቤት ኪኒኑ ሲንኳኳ እንዳይሰማ ጥጥ ጠቅጥቃበታለች። «እኔም እንዲሁ ነው የማደርገው» አልኳት። ነጠላዋን ዝቅ አድርጋ አየችኝ፤ ከዚያ የሚቀጥለው ቀጠሮዋ መቼ እንደሆነ ሳይሆን እኔ መቼ እንደምመጣ ጠየቀችኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ለምን እንደምነሣ ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

ጸበል ከገባሽ መድኃኒቱን ተይ ያሉኝም ነበሩ። ያኔ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ሁለቱ እንደማይጣሉ በአደባባይ ሲናገሩ ብዙዎቻችን እፎይ አልን። ይህን የሚጠይቅሽ በሽተኛ መተማም አይጠፋም፤ ከእምነቱ ጋር አታጣይው።

አሁን ደግሞ የማኅፀን ጫፍ ካንሰር መጣ። ቫይረሱ ያለባት ሴት ለዚህ ካንሰር ስድስት እጥፍ እንደምትጋለጥ ያነበብሽልኝ አንቺ ነሽ። ለጨረር ጥቁር አንበሳ ወረፋ ይዣለሁ። አዲስ አበባ ዘመድ ስለሌለን ማረፊያ ሳስብ፣ ከክፍለ ሀገር የሚመጡ የካንሰር ታማሚዎችን የሚያሳርፈውን ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን ነገሩኝ። አቶ ወንዱ በቀለ የ4 ዓመት ልጃቸው ማቲዎስ በደም ካንሰር ሲሞትባቸው፣ በ1996 ዓ.ም. በስሙ ያቋቋሙት ነው። በራቸውን ዘግተው ቢቀመጡ ማን ይፈርድባቸው ነበር? እኔ ግን የሕፃኑ ሞት ለዚህ ሲባል መጣ የሚለኝን ሰው አልሰማም። ሞቱ ክፉ ነበር፤ ቤቱ የአባትየው ሥራ ነው። ስለዚህ ልጄ፣ ለታመመ ሰው «ለበጎ ነው» አትበዪ። እኔን ብለውኛል፤ አጥንቴ ድረስ ነው የተሰማኝ።

መተማ ስትደርሺ፣ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ የወረደ የደጋ ልጅ ካላዛር ይዞት ይመጣብሻል፤ ትኩሳቱ አልለቅ ብሎት፣ ጣፊያው አብጦ፣ ሥጋው አልቆ። 17 ቀን በየዕለቱ ይወጋል። ለእናቱ ብር ሊልክ የወጣ ልጅ አልጋ ላይ ውሎ ሲያድር ራሱን እንደ ዕዳ ነው የሚቆጥረው። መርፌውን ወግተሽ አትለፊው። አገሩ የት እንደሆነ፣ ማን እንደሚጠብቀው ጠይቂው፤ ስልክ ከሌለው በስልክሽ አስደውዪው። መቆም ሲጀምር ደግሞ መነሣት ለማይችለው የአጠገቡ በሽተኛ ውኃ እንዲያቀብል እዘዢው። «ድካም ላይ ነው፣ ይረፍ» ይሉሻል፤ አንቺ ግን አቅሙን አይተሽ እዘዢው። ሰው የሚፈልገው ሰው እንዳለ ሲያውቅ እንዴት ቀና እንደሚል በገዛ እናትሽ አይተሻል።

ወደ መተማ ስትወርጂ ሙቀቱ ሌላ ነው፤ ውኃ ያዢ፣ አጎበርሽን አትርሺ። ስለ ደመወዝሽ ለእኔ ብለሽ አትጨነቂ፤ መጀመሪያ ጥሩ ፍራሽ ግዢ። ማታ ማታ ደውዪልኝ፤ ያየሽውንም ንገሪኝ፣ የታከመውን ብቻ ሳይሆን የሞተብሽንም።

እኔም ሥራ አላጣሁም። ለማኅፀን ጫፍ ካንሰር በአቼቶ የሚደረገውን ምርመራ ሴቶች ይፈሩታል፤ ከበሽታው ይልቅ ሐኪሙ ፊት መተኛቱ ያሳፍራቸዋል። እኔ ደግሞ ቀድሜ ብመረመር ኖሮ በአቼቶው የሚነጣው ቦታ ገና ሲታይ አቀዝቅዘው ያጠፉልኝ እንደነበር እነግራቸዋለሁ። ነገ ገበያ ስለሆነ፣ ከሚመጡት ጋር አብሬ ጤና ጣቢያ ልገባ ተቀጣጥረናል። በዚሁ ላብቃ።

እናትሽ፣ ከአይከል