ከእናቴ ጋን እስከ ወይን በርሜል

እኔንና እህቶቼን ያሳደገችን እናታችን ጠጅ እየጣለች ነው። ጋን በወይራ ስታጥን፣ ብርዝ ስትበጠብጥ፣ ሌሊት ተነሥታ መፍላት አለመፍላቱን ጆሮዋን ወደ ጋኑ አስጠግታ ስታዳምጥ እያየሁ አድጌአለሁ።

በቅርቡ ልጄ በምግብ ሳይንስ ስትመረቅ አንድ ዘመዳችን ሻርዶኔ የተባለ ነጭ የወይን ጠጅ ይዞ መጣ። የወይኑ ዘር የፈረንሳይ አገር፣ የቡርጎኝ ነው፤ ፍሬው ግን የበቀለው ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በባቱ፣ በቀድሞ ስሟ በዝዋይ፣ በካስቴል እርሻ ነው። የዚህ እርሻ ወይን ጠጅ በ2014 እ.ኤ.አ. ለገበያ ቀረበ።

እናቴ ቀመሰችና፣ «ማር የለው፣ ጌሾ የለው! እንዴት ነው የሚጣለው?» ስትል ጠየቀች።

ልጄ አስረዳቻት። ፍሬው ፀሐይ ሳይበረታ ይለቀማል፤ ሳይውል ሳያድር ይጨመቃል። ቀይ ወይን ከነልጣጩ ሲፈላ፣ የነጩ ልጣጭ ግን አስቀድሞ ይለያል። ጭማቂው በቀዝቃዛ ጋን ከጠለለ በኋላ እርሾ ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጠዋል። መፍላቱ እንዳይፋጠን ሙቀቱን መቈጣጠር ያስፈልጋል። አንዳንዱ ሻርዶኔ በባሉጥ እንጨት በርሜል፣ ከነአምቡላው ለወራት ይቀመጣል፤ ጣዕሙም ይወፍራል።

«የአንድ እርሻ ፍሬ ብቻ ሲሆንና ከሌላ ሳይደባለቅ ሲቀር ደግሞ የመሬቱን ጠባይ ስለሚይዝ የእርሻው ስም በጠርሙሱ ላይ ይጻፋል» አለቻት።

እናቴ ጥቂት ዝም ብላ ቆየች። ከዚያም፣ «እኔም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማሬን ከአንድ ሰው ቀፎ ነው የገዛሁት። ሌላ ማር አልደባለቅሁም። ታዲያ ስሜን የጻፈልኝ ማን ነው?» አለች።

ይህ አነጋገሯ እንቅልፍ ነሣኝ። በዚያ ጠጅ ተምረን ለሥራ በቅተናል፤ ግን አንዳችንም መጠኑን ጠይቀናት አናውቅም። ዛሬ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ጋኑም ባዶውን ተቀምጧል።

በማግስቱ ደብተር ይዤ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ማሩ ስንት፣ ውሃው ስንት፣ ጌሾው መቼ እንደሚገባ፣ መቼም እንደሚወጣ ጻፍሁ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ስሟን ከነአባቷ ስም አሰፈርሁ።

እህቶቼ፣ የእናቶቻችሁን ሙያ ዛሬውኑ ጠይቃችሁ ጻፉ። ስማቸውንም አትርሱ።